የክሩ መጋጠሚያ

ደጀን ላይ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ሹፌር ከሚያድርበት ቤት፣
ሣጥኑን ከጆንያ አወጣሁት፣ ትቢያውን እፍ አልኩለት።
አምስት ክረምት ተኝቷል፤
ልየው ካረፈ ወዲህ ማን ደፍሮ ከፍቶታል!
ከአንድ ጡረተኛ የጦር ባንድ ሰው ነው ያኔ ያመጣው፣
በሁለት በግና በእጅ ሰዓት፤ የሚስቱን ንዝንዝ ዓመት ሙሉ ዝም ብሎ ጠጣው።

ይባቤ፣ ራዲዮ ጠጋኙ፣ መነጽሩን በሲባጎ አስሮ፣
አጎንብሶ አየው፣ አሸተተው፣ ብሎኑን በየተራ ቆጥሮ፣
«ጥጥ አምጪ» አለኝ፣ «አረቄም፤ ዳግሙን ይሁን አደራ፣
ውሃ ያለበት ያዝገዋል፣ ተራው ለዚህ አይሠራ።»
ሳቄ መጣ። ነገር ለሚደግም ዕቃ፣ ዳግም ሊቀባ!
ጥጡን ነከረው፤ ሦስቱንም ራስ፣ እድፉ ጥጡ ላይ እስኪገባ፣
መቅረጫውን፣ ማሰሚያውን፣ ማጥፊያውን አሸልኝ በተራ፤
የተረፈችውን መለኪያ ራሱ ጨለጣት፣ «ይቺ ለሥራ።»

ክሩ ግን አበቃለት፤ ስነካው እንደ ደረቅ ጌሾ ረገፈ።
ይባቤ ከመደርደሪያው ሥር አንድ ሪል ጎትቶ አራገፈ፤
የድሮው ኪነት ቡድን ልምምድ። ዳሩ ላይ በእስክሪብቶ፣
«ልየው፣ ሐሙስ» ይላል፣ ቀለሙ ግማሹ ጠፍቶ።
ሁለት ስንዝር ከጋት ለካ፤ በምላጭ ሰያፍ ቆረጠ፤
ጫፍና ጫፉን አጋጠመ፣ ፕላስተሩን በጥፍሩ ደፈጠጠ።

ጊታሬን ሰካሁ።
ሞተሩ አቃሰተ፣ ዞረ።
አንዱ ቁልፍ ርቀቱን ነው፤ ድምፄ ሄዶ የት እንደሚደርስ፣
ሁለተኛው ድግግሞሹን፣ ስንቴ እንደሚመላለስ፤
ይኸኛውን ከሦስት ካሳለፉት፣ የራሱን ድምፅ መልሶ እየጠጣ፣
ሰክሮ ይጮሃል፤ አንድ ሌሊት ሹፌሩ ሁሉ በቁምጣ ወጣ።
ሦስተኛው መጠኑ ነው፤ እሱን እንደ ጨው ነው፣ በጣት ጫፍ።
የገደል ማሚቶስ ነበረች፣ ከበራችን ሥር፣ የዓባይ፤
ግን ማን ጭኗት ይሄዳል፣ ለቢቸና ሠርግ፣ በአይሱዙ ላይ?

አንዷን ጅማት መታሁ፣ ከአንቺሆዬ።
መለሰልኝ። ደግሞ መለሰ፣ ደብዘዝ ብሎ፣ ራቅ ብሎ።
መብራቱ ሲደክም ድምፁም አብሮ ይወርዳል፣ ያዘግማል፣
በአንደኛ ማርሽ ከበረሃው እንደሚወጣ ሲኖትራክ ያምጣል።

ከዚያ፣ ከሦስተኛው ምላሽ ሥር፣ ከግድግዳ ማዶ እንዳለ ጎረቤት፣
ልየው።
«ቸኩይ» አለኝ።
ጊታሩ ዝም። «ቸኩይ»፤ ዞሮ «ቸኩይ»።

እጄ ጅማቱ ላይ ቀረ።
«ማጥፊያው ራስ ደክሟል» አለ ይባቤ፣ «የድሮውን አልጠረገውም።»
ልየው ግን በሕይወቱ ይህን ቃል ለእኔ ብሎት አያውቅም።
አሥራ አንድ ዓመት ያስተማረኝ አንድ ነገር ነው፦ «አትቸኩይ»።
ጣቴ ከምቱ ቀድሞ ሲገባ፣ «አትቸኩይ»።
የባሕር ዳሩ ባንድ ሰው ልኮ ሲጠራኝ፣ ሻንጣዬን ሳስር፣
«አትቸኩይ፣ ገና ነሽ» አለ፤ ፈታሁት። ይኸው ደጀን ስኖር
ዘንድሮ አርባ ሁለት ሞላኝ።

ተንበርክኬ ወለሉን ዳሰስኩ።
ከይባቤ ጫማ ሥር፣ ጥፍር የምታህል፣ ቡናማ፣
ምላጩ ከቃሉ አናት የቀነጠሳት፣
ያቺ «አት»።
ክብሪት ቀፎ ውስጥ ከተትኳት፤
ከእንጨቶቹ መሀል እንደ አንዷ ተኛች።

«ልቀጥላት?» አለኝ። «ወይስ ማጥፊያውን ልሥራው፣ ድምፁ ይጥፋ?
ሁለቱም ይቻላል፤ ማክሰኞ።»
ክሩ ይዞራል። መጋጠሚያው ከራሱ ሥር ሲያልፍ ጠቅ ይላል፤
«ቸኩይ።»

«ማክሰኞ ሩቅ ነው» አልኩት፤ ክዳኑን ገጠምኩ።
ውጭ አይሱዙው ሞተሩን አስነስቷል።