ዋ!

ከዚራ፣ ከባቡር መጠገኛው ጀርባ፣
ትንኝ ቀድሞን ገብቶ፣ እኛ ስንገባ፣
ላቡን በመሐረብ ካንገቱ ላይ ጠርጎ፣
አንዲት ሙሉ ጠመኔ ከኪሱ ፈልጎ፣
መምህር ዘርጋው ጻፈ፦ «ሉክ አውት» ብሎ።
ሮብሌ ጠየቀ፣ እጁን ሰቅሎ፦
«ሉክ ‘እይ’ ነው፤ አውት ደግሞ ‘ውጭ’ ነው፤
እውጭ ምን አለና ነው የምናየው?»
ሁላችን ዞር አልን ወዳንዷ መስኮት፤
ፍየል ካርቶን ትበላለች፣ ካምፖሉ ፊት።
ዘርጋው ሳቀ መሰል፣ ጠመኔው ተሰበረ፤
«ቃል በቃል አይፈታም» አለና ጀመረ፤
«‘ተጠንቀቅ!’ ነው ፍቺው፤ ሰው ሰውን የሚለው
አንዳች ነገር ሲመጣ፣ ሲደርስ ነው፤
ለማስረዳት ጊዜ በሌለበት ሰዓት።»
ጻፍን። በቀይ እስክሪብቶ አሰመርንበት።

ደቻቱ ያን ሰሞን አሸዋ ብቻ ነው፤
ልጆች ኳስ ሲሉበት፣ ግመል ሲሻገረው።
ዘይቱና ሻይ አፍልታ ከድልድዩ በታች
በርጩማ ደርድራ አሸዋው ላይ አለች።
ሁለት ሻይ ጠጥቼ፣ ሳምቡሳ ጨምሬ፣
የግሥ ርባታዬን ሳጠና በከንፈሬ፤
ሰማይ ጥርት ብሏል፤ ድሬ ላይ ጠብታ የለም፤
ደንገጎ መዝነቡን ከኛ ማንም አያውቅም።

ሮብሌ ከድልድዩ፣ ብስክሌቱን ጥሎ፣
ጮኸ ባዲሱ ቃል፣ «ሉክ አውት!» ብሎ።
እኔ ጎበዝ ተማሪ፣
መጀመሪያ ‘ሉክ’ን፣ ቀጥሎ ‘አውት’ን ፈታሁ፤
የተቀመጥሁት ውጭ፤ ውጩን ተመለከትሁ።
ኮከብ ነበር ውጭ። ግማሽ ጨረቃ።
ከቀይ መስመሩ ላይ ቃሏ ገና ሳትነቃ

«ዋ!»

አለች ዘይቱና።
እግሬ ቀድሞ ሰማት፣ ጆሮዬ ሳይደርስ፤
ግንቡ ላይ ተገኘሁ፣ ባንድ ጫማ፣ ስተነፍስ።
ከዚያ መጣ ውሃው፣ ጭቃ፣ የሚያጓራ፤
በርሜል፣ በር ከነቁልፉ፣ የባጃጅ ሸራ፣
የኔ ሌላው ጫማ፣ የሷ በርጩማዎች፣
አሥራ ሁለት ብርጭቆ፣ ትሪና ማንኪያዎች።

ሮብሌ ወረደ እየተንቀጠቀጠ፤
«ተጣራሁ እኮ» አለኝ፣ ዐይኑ እንደፈጠጠ፤
«ለምን በናቴ ቋንቋ ‘ኢስካ ጂር’ አላልሁም?
የቱ እንደሚፈጥን እኔም አላወቅሁም።
ማታ የተማርሁት ቀድሞ መጣ አፌ ላይ።»
እኔ ደግሞ በ‘ዋ’ ነኝ፦ ወንድ ሴት አትለይ፣
ግሥ የላት፣ ሥር የላት፣ ርባታም የላት፤
ዘርጋው ቢጠየቅ ከየት ያመጣላት?
ምናልባት ‘አውት’ ያሉት ውጩን አይደለም፤
ከሐሳብህ ውጣ ነው። እኔ እንጃ፣ አላውቅም።

የቀሚሷን ጫፍ ጨምቃ፣ የሌለ ብርጭቆ ቆጥራ፣
በጎርፉ ስም አንድ ሁለቴ ተማርራ፣
ጣቷን አቀናችብኝ፣ ዞራ፣ ዘይቱና፦
«ሁለት ሻይ፣ አንድ ሳምቡሳ፤ ነገ ይዘህ ና።
ዋ!»