ስንዝር ከአራት ጣት

ኮምቦልቻ፣ ከቦርከና ማዶ፣ ከጋራዡ ደጃፍ
ትራክተሩ ቆሟል፤ አይገባ፣ አያልፍ።
ከወንበሩ ኋላ የቆመው የብረት ቅስት
በሩን ይበልጠዋል፣ ስንዝር ከአራት ጣት።

«ቁረጠው» ይለኛል አራጋው፣ ሰማዩን ያያል፤
«ጎማ አይደል፣ ሞተር አይደል፣ ይሄ ምን ይሠራል?»

ዲስኩን አስነሣሁ፤ አጠፋሁት መልሼ።
የሐርቡ ዳገት መጣብኝ፣ ኑርዬ ታናሼ፤
ጎማው ወደ ሰማይ፣
መሪው ደረቱ ላይ።
የሱም ቅስት ነበረው፤
ማሽላ ሲያመላልስ ግራር እየያዘው
ቢያስቸግረው ፈትቶ፣ ከአጥር ጥግ የተወው።
ዛሬም ዶሮ ያድርበታል።

ይህን አልነገርኩትም።
መሰላል አቆምኩ፣ መነጽሬን አጠለቅኩ፣
ብረቱን ትቼ የበሩን ጉበን ቆረጥኩ።
ብልጭታው ዘነበ በቀዩ ኮፈን ላይ፤
አራጋው ጮኸ፦ «አንተ ሰው፣ አብደሃል ወይ!»

ይኸው ክረምት ገባ። ከደሴ በኩል ሲያጉረመርም
«በቀደድከው ውሃ ገባ» ይለኛል፤ ሒሳቤን ግን አልከፈለም።
ይግባ።
ትራክተሩም ይገባል፣ አንገቱን ሳይደፋ።
እኔም ማታ ማታ
ከሐርቡ ሲመለስ ሞተሩን ካልሰማሁ
ሱቄን አልዘጋም፤
ለምን እንደማመሽ አራጋው አያውቅም።