መዝገብ ቁጥር አርባ አንድ

ከደሴ ሸዋ በር ቁልቁል፣ ከቆርቆሮ ሻጮች ጀርባ፣
ሜትሬን በብብቴ ይዤ ከእትዬ ጦይባ ግቢ ስገባ፣
በረንዳው ወደ ጦሳ አዘንብሏል፣ ወሬ እንደሚያዳምጥ ሰው፤
ደረጃው ሁለት ጥርስ የለው።

ጻፍኩ፦ ግድግዳ፣ ጭቃ። ምሰሶ፣ ጥድ።
ወርድ፣ ስምንት ተኩል፤ የቀረውን ለካሁ በክንድ።
የተሠራበት ዘመን?
«አባቴ ከባቲ የገዛው ግመል የጠፋ ሰሞን።»
ለእንዲህ ያለው ዓመት ቅጹ ሣጥን አልተወለት፤
እኔም ከኅዳጉ ዳር በእርሳስ ጻፍኩለት።

የመንገዱ መሐንዲስ ደወለ፦ «ነገ ቀይ ቀለሜን ላምጣው?»
«ቅርስ ነው» አልኩ፤ «ማንም እንዳይነካው።»

እትዬ ጦይባ ሳፋ ተሸክማ ብቅ አለች ከጓዳ፣
ነሐሴ ከአልጋዋ ራስጌ ያወረደውን ዕዳ።
«አብሽር፣ አንተ ልጅ፤ ቅርስ መሆኑስ ደስ ይላል፤
ግን ቅርስ እንዲህ ያፈሳል?
ቆርቆሮ ልለውጥ ብል ከለከላችሁኝ በደብዳቤ፣
ይኸው ሦስት ክረምት ተኛሁ በሳፋ ተከብቤ።»

ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።
«ነባር ይዞታው ሳይለወጥ» የምትለዋን ሐረግ ስጽፍ
ደስ ብሎኝ እንደነበር ትዝ አለኝ።

ከግድግዳው አወረደችው። «በፌስታል ሰቀልኩት፣ እንዳይርስ፤
እዚህ ቤት የደረቀ እሱ ነው። እሱስ አይሻልም ለቅርስ?»

ቅዳሜ፣ ቢሮ ዝግ ነው። ሬንጅ በጣሳ፣ መሰላል በውሰት፤
መመሪያው አይፈቅድም፤ እኔ ግን ከጣሪያው ላይ ወጣሁበት።
ከታች ሳፋዋን እያንኳኳች ትመራኛለች፦
«ወደ ግራ... አለፍከው... አዎ፣ እዚያች ላይ ለጥፍበት።»