ቀለሙን ምን እንበለው

ጥቅምት በባተ በሦስተኛው ቀን፣ ደቡብ ዳኮታ ላይ፣
ከሬድፊልድ ወዲያ፣ የጠጠሩ መንገድ ሲያልቅ የሚታይ
የባሌ አባት እርሻ አለ። በቆሎው ደርቆ ይንኮሻኮሻል፤
ሌላንድ ኮምባይነሩ ላይ ወጥቶ ባርኔጣውን ወደ ኋላ ይገፋል።
እኔ ከጎኑ የእህሉን ጋሪ በትራክተር እየጎተትሁ፣
በአንድ ዓይኔ ረድፉን፣ በሌላው ልጄን ፌበንን እየጠበቅሁ።

ስምንት ረድፍ፣ ደግሞ ስምንት፤ ማሳው እንደ ሳሙና
ከዳር ከዳር እየሟሟ፣ መሐሉ ላይ ቀረና
አንዲት ቀጭን የበቆሎ ደሴት፣ አሥራ ስድስት ረድፍ ብቻ፣
መሸሸጊያ ያጣ ሁሉ የታጨቀባት፣ እንደ ስልቻ።
ፌዛንት ከዚያ ነው የሚነሳው፤ እንደ ወደቀ የድስት ክዳን
እየተንኳኳ፣ እየጮኸ፣ ራሱ ደንግጦ አስደንግጦ እኛን።

ወንዱን የሚያውቅ ያውቀዋል፦ ጉንጩ በርበሬ፣ ደረቱ ነሐስ፣
አንገቱ ላይ ነጭ ቀለበት፣ ጅራቱ መሬት የሚልስ።
ያን ቀን የተነሳው ግን
ቀለበት የለውም።
ጀርባው አመድ ይመስላል፣ አመድ ግን አይደለም፤
ደረቱ የወይን አምቡላ፣ ፀሐይ ሲያገኘው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ፣
ጅራቱ ብቻ ነጭ፣ የተዋሰው ይመስል ከሌላ።

«ምንድነው እሱ?» አለች ፌበን፣ አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጥፋ።
ወፉ ከአጥሩ ማዶ ዞሮ፣ ተመልሶ ደሴቲቱ ውስጥ ጠፋ።
የገበያ ዶሮ ቃላት ሁሉ ምላሴ ላይ ተሰለፉ፤
ወፉን አንዱም ሳይገጥመው፣ አንድ በአንድ አለፉ።
ገብስማ? እንዲያ አልተደባለቀም።
ወሰራ? ይቀላል። ዛጎልማ? ነጠብጣብ አላየሁም።
ዳለቻ? እሱስ ለበቅሎ ነው።
«ስሙ ገና አልተሠራም» አልኋት። «እሺ» አለችኝ፣ እንደ ትልቅ ሰው።

ማታ በድንቹና በሥጋው መሐል ክርክሩ ደራ።
ባሌ ዳረል፦ «ጀንበር ናት፤ ከአቧራ ጋር ስትገናኝ የማትሠራው የላት ሥራ።»
ሌላንድ፦ «ከእርባታ ያመለጠ ዲቃላ ይሆናል» ብሎ ቅቤ ጠየቀ።
አማቴ አርዲስ ግን ሹካዋን አስቀመጠች፤ ድምጿ ደቀቀ።
«አባቴም አይቷል» አለች፣ «በዚያ በድርቁ ዓመት፣ ከጎተራው ጓሮ።
ማንም አላመነውም። እኔም ሳላምነው ተቀበረ፤ ይኸው ዘንድሮ።»
ከዚያ በኋላ የተሰማው የሰሃን ድምፅ ነው።

ቅዳሜ አደን ተከፈተ። የዳረል አጎት ልጆች ከሱ ፎልስ ነጎዱ፣
በብርቱካንማ ሰደርያ፣ ሦስት ውሻ አስከትለው፣ ማለዳ ወረዱ።
«ያቺስ ቁራጭ?» አለ ትልቁ፣ ክሊንት፣ በአገጩ እያሳየ ከሩቁ።
ሌላንድ አልቸኮለም። «ቀበቶው ተበጥሶብኝ እዚያው ቆሟል ማሽኑ፤
ወደሱ የተኮሰ የባንክ ዕዳዬን ከነወለዱ ይውረስ» አለ። ሳቁ።

እኔ አልሳቅሁም። የእርሻውን ሒሳብ የምይዘው እኔ ነኝ፤
ቀበቶው አዲስ ነው። ነሐሴ ላይ ከሻጩ ጋር በስልክ ስሟገት ነው የዋልሁት፣ ራሴን እስኪያመኝ።
ዝም አልሁ። ዳረልም ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ያስር ጀመር፣
የታሰረውን።

ተኩሱ እስከ ማታ ቀጠለ፣ በስተ ደቡብ፣ በድርቆሹ በኩል።
በእያንዳንዱ ድምፅ ፌበን አንድ ጣት ታጥፋለች፤ ሲያልቅባት የአርዲስን ተዋሰች፣ እኩል ለእኩል።

እሑድ፣ መኪኖቹ ሲሄዱ፣ የቀለም እርሳሷን ዘርግፋ
ወፉን ሳለችው። ሰማያዊ ላይ ግራጫ፣ ግራጫው ላይ ወይን ጠጅ አሳርፋ፣
ደግሞ ቀይ፣ ደግሞ አረንጓዴ፣ ወረቀቱ እስኪቀደድ ድረስ።
«ይኸው!» አለች።
ቡኒ ነበር። ጥርት ያለ ቡኒ፣ እንደ ፈረስ።

ሌላንድ መነጽሩን አድርጎ ብዙ አየው። አንድ ቃል አልወጣውም።
ማቀዝቀዣው በር ላይ በማግኔት ለጠፈው፣
ከቀበቶው ደረሰኝ ጎን፤
ነሐሴ የሚለው ቀን
ከወፉ ምንቃር በላይ ቁልጭ ብሎ እየታየ።