እርሳሱ የቆመበት ገጽ

ጥር ነው። ካልጋሪ። ብርዱ ሠላሳ ወርዷል፤
የአሮጌ መጽሐፍ ቤት፣ በሩ ደወል ይዟል።
ገባሁ። መነጽሬ ጉም ለበሰብኝ፤
ሻጩ ጎረምሳ ነው፣ «ምን ልርዳዎት?» አለኝ።
«ቻይንኛ ልማር ነው» አልኩት ድምፄን ውጬ፣
ስድሳ አራት ዓመቴን በኪሴ ሸጉጬ።

«የቱን?» አለኝ ደግሞ። ለካስ ብዙ ኖሯል፤
«ማንዳሪን?» ሲለኝም ጆሮዬ መንደሪን ሰምቷል፣
ልጣጩም ሽታውም አፌ ውስጥ ሞልቷል።
«እሱን» አልኩት ቶሎ፣ እንዳዋቂ ደፍሬ፤
ዕድል ባያግዘኝ፣ ካንቶንኛ ይዤ እገባ ነበር ሰፈሬ።

መደርደሪያው ሙሉ። አንደኛው ጡብ ያህላል፣
ገና ሳይገልጡት ክንድ ያዝላል።
አንዱ ለነጋዴ፦ «ውሉን እንፈራረም»፤
እኔ ከሐኪም ወረቀት በቀር የምፈርመው የለም።
አንዱ ለቱሪስት ነው፦ «ባቡሩ የት ይቆማል?»
የኔ ባቡር እዚሁ፣ ከመስኮቴ ሥር ያልፋል።
አንዱ ባለ ሲዲ፤ ማጫወቻው የታለ?
ምራቴ ቤት ስታጸዳ «ሙዚየም ይግባ» ተባለ።
አንዱ የሕፃናት፦ ዳክዬ፣ ኳስ፣ ጨረቃ፤
ወደድኩት። አፈርኩ። መለስኩት፣ በቃ።
የቀሩት ፊደላት የተዘራ ጤፍ ናቸው፤
መነጽር ደርቤም አልለየኋቸው።

ሻጩ «ለምን?» አላለም፤ ቢል ግን መልስ ነበረኝ፦
የምራቴ እናት፣ ወይዘሮ ሹፌን፣
ከሼንያንግ የመጣች፣ እሁድ እሁድ ምሳ የምታቀርብልኝ።
አንዲት የልጅ ልጅ አለችን፣ ኖላዊት፣ የጋራ፤
እሷን መሃል አድርገን አንገት ይነቀነቃል፣
ቃል ግን የለም ከኛ ጋራ።
ፈገግታም ይደክማል፤ ከሾርባው በፊት ያልቃል።
ልጄ አንድ ቃል አስጠናኝ፣ «ታንግ በል፣ ሾርባ ነው» ብሎ፤
አልኩት። ድምፄ ግን ሽቅብ ወጣ፣ እንደ ጥያቄ ተንጠልጥሎ።
ቀጥ ሲል ሾርባ፣ ሽቅብ ሲሄድ ስኳር ኖሯል፤
ወይዘሮ ሹፌን ተነሥታ
ስኳር ላለበት ሰው ስኳር አቀረበች፣ ጣሳውን ሞልታ።
አልፈረድኩባትም። የኛስ «ገና» ምንድን ነው?
ሲጠብቅ በዓል ነው፣ ሲላላ ያልደረሰ ነው።

ከታች፣ ከአትላሶቹ ሥር፣ አንድ አገኘሁ በሦስት ዶላር፤
ሽፋኑ ላይ የሻይ ብርጭቆ ክብ፣
ፊደሉ ጎላ ያለ፣ ለዐይኔ የሚስማማ።
«ይሄ ተጽፎበታል» አለ ልጁ፣ «ንጹሑን ላምጣልዎ?»
ገለጥኩት። አንድ ሰው በእርሳስ
ከየቃሉ ራስ ላይ ቀስት ስሏል፤ ሽቅብ፣ ቁልቁል፣ ጎባጣ፤
ጠርዙ ላይ የጥያቄ ምልክት፤
አንዳንዴም ንዴት፣ ወረቀቱ እስኪሳሳ የፋቀበት።
ትምህርት አንድ። ሁለት። ሦስት።
ስድስተኛው ግርጌ «ነገ እደግመዋለሁ» ይላል።
ከዚያ ወዲያ ገጹ ሁሉ ነጭ፣
ማንም ያልረገጠው በረዶ።

ሞቶ ይሆን? አልመሰለኝም። ሰውን ከመንገድ የሚያስቀረው
ሞት ብቻ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ተራ ማክሰኞ ነው።
«አይ» አልኩት፣ «የተጻፈበትን።»
ብቻ ከመሳሳት፣ ቀድሞ ከተሳሳተ ጋር መሳሳት ይሻላል።

አሁን መጋቢት ነው። ከጣራው ጠርዝ ውሃ ይንጠባጠባል።
አራተኛው ትምህርት ላይ ነኝ፤ ገና ነኝ (አላልተው ያንብቡት)።
ባለፈው እሁድ መጽሐፉን ይዤ ሄድኩ፤
«ታንግ» አልኩ፣ እንደ ተወጠረ የልብስ ገመድ ቀጥ አድርጌ።
ሾርባው መጣ።
ወይዘሮ ሹፌን ስኳሩን ከፊቴ ራቅ አድርጋ መጽሐፉን ሳበችው፤
መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች፣ ገጽ በገጽ ሄደች፤
የኔን ጠማማ ፊደል አየችና አለፈች።
ስድስተኛው ላይ ስትደርስ የኖላዊትን እርሳስ ተቀብላ፣
የዚያን የማናውቀውን ሰው አንድ የተገለበጠ ቀስት
በቀስታ ፍቃ
አቃናችለት።