አሥራ አራት ፊደል

ጃህራ፣ አራተኛ ፎቅ፣ የሴቶቹ ክፍል፤
መወልወያዬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ
ጓንቴን አውልቄ ገባሁ፣ ላስተረጉም።
የሚከፈለኝ ለወለሉ ነው፤ ምላሴ አይታሰብም።

አልጋ ሰባት፦ ሉባባ፣ የወረባቦ ልጅ፤
ሦስት ዓመት የሰው ደረጃ ስትወጣ ስትወርድ
ዘንድሮ መሐሉ ላይ ትንፋሿ ከዳት።
«ስንፍና ነው» ብላ ነበር ማዳሟ።

ዶክተር ጊሪጃ የበሽታውን ስም ጠራችው፤
እንደ ሠርግ አጀብ ተንዛዝቶ አለፈ፣
ሙሽራዋ በየትኛው መኪና እንዳለች ሳላይ።
«ድገሚልኝ።» ደገመችው።
«ጻፊልኝ።» ጻፈችው፣ በነሱ፤
እኔም ከሥሩ፣ በጓንት ካርቶን ጀርባ፣ በኛ፦

ሊምፋንጂዮሌዮማዮማቶሲስ።

ሉባባ በጣቷ ቆጠረችው፤ አሥራ አራት።
«እስከ ሰባት ቤት አያቶቼ ቢጠሩ
እንዲህ አይረዝሙም!» ብላ ሳቀች፤
ሳቋን ሳል ቀማት።

እንደ ሸንኮራ በየአንጓው ሰበርነው።
ሊምፍ፦ ውሃ፣ ከደም ተለይቶ የነጣ።
አንጂዮ፦ ቧንቧ። ሌዮ፦ ልስልስ።
ማዮ፦ ጡንቻ፤
ዶክተሯ ክንዷን አጥፋ አሳየችን፤
ድሮ ድሮ አይጥ ማለት ነበር አለች፣
ከቆዳ ሥር ስትሮጥ ያያት ሰው ያወጣው።
ማ፦ እብጠት።
ቶሲስ ደግሞ ጭራ ነው፣
«በሽታ» ላይ «ታ» እንደምትንጠለጠለው።

ውሃ፣ ቧንቧ፣ ልስልስ፣ አይጥ፣ እብጠት፣ ጭራ።
እንቆቅልሽ!
«ምን አውቅልሽ» አለችኝ ሉባባ፣ ዓይኗ ጣራው ላይ።
«አገር ስጪኝ» ልላት ነበር፤
ከንፈሬ ላይ ቀረ።
በዚህ ፎቅ ማን ለማን አገር ይሰጣል?

«ረጅም ነው» አለች ዶክተሯ፣ እንዳዘነችልን፤
«እኛም አንለውም። አሳጥረን ላም ነው የምንለው።»
ላም።
ይህን ማስተርጎም አላስፈለገኝም።
«ላም?» አለች ሉባባ ቀና ብላ፤ «የምትታለበዋ?»

ከጎኗ የወጣው ቀጭን ቱቦ
አልጋው ሥር ካለው ጠርሙስ
ነጭ፣ ወፍራም ነገር ያንጠባጥባል።
ጎንበስ ብላ አየችው፣ ቆይታ።

«ላም አለኝ በሰማይ
ወተቷንም አላይ
ሲሉ ሰምቼ ነበር፤
የኔዋ ግን ደረቴ ውስጥ ታስራ
ያው፣ ሌት ተቀን ትታለባለች።
ጥጃዋ የት ይሆን?»

«ምን አለች?» ጠየቀችኝ ዶክተሯ።
አሥራ አራቱን አሻግሬያለሁ፣ አንጓ ባንጓ፤
ሁለቱ ፊደል ግን ዐረብኛ አልገባ አሉኝ።
«ገብቷታል» አልኩ።

ጠርሙሱ ቀዩ መስመር ላይ ደርሶ ነበር።
ነርሷን ልጠራ ወጣሁ።