ምሰሶው

ድሮ ወተት ይሰበሰብበት የነበረው አዳራሽ
ኖራ ተቀባ፣ ወለሉ ታጠበ፤ ጠረኑ ግን አልጠፋም፤
የአርባ ዓመት እርጎ በሁለት ባልዲ ውሃ አይገፋም።

እኔ ሚስማር መቺ ነኝ፤ ስለ ቀለም አትጠይቁኝ፤
ስለ ግድግዳ ከሆነ ግን ቀኑን ሙሉ አድምጡኝ፦
የቱ ጡብ እንደሚሰነጠቅ፣ የቱ ልስን እንደሚላጥ፣
የቱ ጥግ ውስጥ ጥር ገብቶ እስከ ሰኔ እንደሚቀመጥ።

በደቡብ ኢስቶኒያ፣ ቶሜሶ በምትባል መንደር
ሰባት ሰው ክረምቱን ሁሉ ሲሥል ከርሞ፣ ሲፍቅ ሲያድር፣
መስከረም ሲጠባ «እንስቀለው» አለ።
እኔም መዶሻዬን ይዤ «የት ጋ?» አልኩ።

ኤንደል፣ ጡረታ የወጣው የከብት ሐኪም፣ ኮረብታውን ሥሎታል፤
ጎኗን ሰጥታ የተኛች እርጉዝ ላም ይመስላል፤
እጁን እስከ ክርኑ ቢሰድ ጥጃ ይዞ ይመለሳል።
ማይሙ ረግረጉን፤ ጭጋጉ እንደ አንሶላ ተሰጥቶበት።
ሌምቢት የእህሉን ማሳ፤ ቢጫውን በቢላ ጭኖ፣
ለተወደደ እንግዳ ዳቦ እንደሚቀባ ሰው ሆኖ።
የሌሎቹም ያው ነው፤ በርቹ፣ ኩሬው፣ የመሸው ሰማይ፤
ከየትም ይቁሙ እንጂ፣ ሁሉም ያዩት አንድ ሜዳ ነው፣
የካልዩ ሜዳ።
እሱን ግን ማንም «ልሣለው?» ብሎ አልጠየቀው።

ኡርቬ፣ ፖስታ አዳዩዋ፣ ብሩሽ አትይዝም፤ ትሸምናለች።
በጠዋት ጆሮዬ ስር መጥታ፣ ቀላ ብላ፣
«ክር አለቀብኝ» አለች፤
«ላዩ ላይ፣ ሰማዩ ጋ፣ ግራጫው አልበቃ ሲለኝ ጥቁር ቀጠልኩበት፤
እባክህ ጥላ ጋ ስቀለው፣ ብዙ ሰው የማያይበት።»
ከበሩ ኋላ ሰቀልኩት።

ተከፈተ። ጥቁር ዳቦ፣ በጨው የተዘፈዘፈ ዓሣ፣ አጭር ንግግር፣
የረዘመ ጭብጨባ።
ካልዩ መጨረሻ ላይ መጣ፤ ቦቲውን ደጃፍ ላይ ጠርጎ፣
እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣
በሬ ሊገዛ ገበያ እንደወረደ ሰው፣ ጥርስ እንደሚቆጥር፣
ከአንዱ ወደ አንዱ አለፈ፤ ሳይቸኩል፣ ሳይናገር።
ስድስተኛው ጋ ቆመና፦
«ምሰሶውስ?» አለ።

«የቱ ምሰሶ?»
«የመብራቱ ነዋ! ሜዳዬ መሃል የተተከለው፤
ሳርስ የምዞረው፣ ሁለቴ በትራክተር የገጨሁት፤
ሽመላዋ ጎጆዋን አናቱ ላይ የሠራችበት።
ስድስት ሜዳ አየሁ፤ ከስድስቱም ነቅላችሁታል፤
እኔ ንቀሉልኝ ብዬ ብጽፍ፣ ኩባንያው ሦስት ዓመት ዝም ብሎኛል።»

ሰባት ሰው የየራሱን ጫማ አየ።
«ውበቱን ያበላሻል ብዬ…» አለ ኤንደል፤ አልጨረሰውም።
ማይሙ ሳቀች፤ ሳቋ ብዙ አልቆየም።
እኔ ቀና ብዬ አምፖሎቹን አየሁ፤
ስድስቱን ሥዕል ወለል አድርጎ ያሳየን ብርሃን
ከዚያው ሽቦ ነው የሚቀዳ፤
በነቀሉት ምሰሶ ነው የበራው ግድግዳ።

ካልዩ ሊወጣ በሩን ሲስብ፣ ከኋላው ያን ሽመና አገኘ።
«ይኸው!»
ጣቱን ሳያስነካ ጥቁሩን ክር ከዳር እስከ ዳር ተከተለ፤
«ሽቦው። ሙቀት ያለ ቀን ልክ እንዲህ ይረግባል» አለ።
ኡርቬ «ስሕተት ነው» ልትል አፏን ከፈተች፤
ከፈተችና ትንፋሽ ብቻ አወጣች።

«አንተ» አለኝ፣ «እዚህ ጋ ጨለማ ነው።»
በዚያ ሁሉ እንግዳ ፊት መዶሻዬን አነሣሁ፤
አንድ ሚስማር ጠመመ፤ ሁለተኛው ያዘ።

ማታ አዳራሹን ቆልፌ በሜዳው በኩል ሄድኩ።
ሽመላዋ ነሐሴ ላይ ተነሥታለች፤
በጋውን እዚህ ትውላለች፣ የት እንደምትከርም ግን
ከመንደሩ ሰው ማንም ጠይቋት አያውቅም።
ምሰሶውን ሠላሳ ዓመት አልፌዋለሁ፤ ቆሜ ሳየው ግን የዛሬን ነው።
ወደ ምሥራቅ ትንሽ ዘንበል ብሏል።
ሁለት ጊዜ ተገጭቶ የለ።